በኪክስታርተር ለአጭር ፊልማችን ዶላር ስናሰባስብ ያየሁት (ከ5 ኮከብ 4)

ሰላም ሰዎች፣ የፊልማችንን ገንዘብ በኪክስታርተር እንዴት እንዳሰባሰብን ብዙዎቻችሁ በኢንቦክስ ስለጠየቃችሁኝ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። ግማሾቻችን አዲስ አበባ ግማሾቻችን እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነን ስለ ቦረና ድርቅ የ18 ደቂቃ ፊልም ልንሰራ ተነሳን፣ ፕሮዲውሰር የለ ስፖንሰር የለ፣ አንድ ያናገርነው ድርጅት ብሩን እሰጣለሁ ግን ሎጎዬን የለበሰ ሰው እህል ሲያድል ፊልሙ ውስጥ ይግባ አለን፣ እሱን እምቢ ስንል የቀረን ሕዝቡ ጋ መሄድ ብቻ ነበር።

ኪክስታርተር ለአንድ ሥራ ከብዙ ሰው ገንዘብ የሚሰባሰብበት፣ ከ2009 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ያለ ሳይት ነው። የምትፈልጉትን ገንዘብና ቀኑን ራሳችሁ ትወስናላችሁ፣ ከ60 ቀን ግን አይበልጥም፣ ግቡ ካልሞላ ከማንም ካርድ ላይ አይቆረጥም እናንተም አምስት ሳንቲም አታገኙም። ይሄ ነገር መጀመሪያ በጣም አስፈርቶኝ ኢንዲጎጎ የሚባለው ሌላ ተመሳሳይ ሳይት ላይ የተገኘውን ያህል የሚወሰድበት አማራጭ ስለነበረ እዛ እንሂድ ብዬ ተከራክሬ ነበር። አሁን ግን ለፊልም ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ። በ12,000 ዶላር ያሰባችሁትን ፊልም በ3,000 ብትጀምሩት ያቤሎ (የቦረና ከተማ) ላይ መሃል መንገድ ትቀራላችሁ፣ ከዛ ብር የሰጣችሁን ሰው በምን አይናችሁ ታዩታላችሁ? እቁብ የለመደ ሰው ደግሞ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፣ ሁሉም ካልጣለ እጣ አይወጣም።

የመጀመሪያው ቪዲዮአችን የሞቱ ከብቶችና የተሰነጣጠቀ መሬት ነበር፣ ሳምንት ሙሉ 900 ዶላር ላይ ቆመብን። ሰው እንደዛ አይነት ምስል ከልጅነቱ ጀምሮ አይቶ አይቶ ገና ሲከፈት ያልፈዋል። ከዛ ካሜራማናችን ዱብሉቅ አካባቢ ካለ ኤላ (የቦረናዎች ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው) የቀረጸውን 40 ሰከንድ ብቻ አወጣነው፣ ወንዶቹ አንዱ ካንዱ በላይ ቆመው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ ሲዘፍኑ፣ ውሃው ደረታቸው ላይ ሲፈስ፣ ከላይ ከብቶቹ ድምጹን ሰምተው ሲጠጉ። በሶስት ቀን 4,000 ገባ! ፊልሙም እኮ ስለ መኖር ነው እንጂ ስለ መሞት አይደለም። ቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው ትንሹ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ኅዳር፣ በኛ አቆጣጠር ከ2013 እስከ 2015 አምስት ወቅት በተከታታይ ቀረ። ያኔ አንድ አባት የትኛዋን ላም ሸጦ የትኛዋን እንደሚያተርፍ እንዴት ነው የሚወስነው፣ እኛ ያንን ነው ማሳየት የፈለግነው።

ወጪውን በግልጽ ልንገራችሁ። 186 ሰው 12,400 ዶላር ሰጠን። ኪክስታርተር 5 በመቶ ማለትም 620 ወሰደ፣ የካርድ ክፍያ 3 በመቶና በየሰው 20 ሳንቲም ሲደመር ወደ 409 ሆነ፣ እጃችን የገባው 11,371 ነው። ስለዚህ ግባችሁን ስታስቀምጡ ከበጀታችሁ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ ጨምሩበት፣ እኛ አልጨመርንም እና ከግባችን አልፈን እንኳን የድምጽ ባለሙያውን የመጨረሻ ክፍያ ከኪሳችን ነው ያዋጣነው። ብሩ ደግሞ ካምፔይኑ (ማሰባሰቢያው) ባለቀ ማግስት አይመጣም፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፣ መኪና ኪራዩን በዛ አስሉት።

ብር ለሰጣችሁ ሰው በምትሰጡት ሽልማት ላይ ቲሸርት አታስገቡ፣ እባካችሁ። ወደ ካናዳና ወደ ጀርመን ለመላክ የጠየቁን ዋጋ ከቲሸርቱ በለጠ፣ ስድስቱ ደግሞ እስካሁን የት እንደገቡ የላክንበት ድርጅት ራሱ መልስ የለውም። ስም ፊልሙ መጨረሻ ላይ መጻፍ፣ ቀድሞ ማየት፣ ከቀረጻው ፎቶ፣ እነዚህ ምንም አያስወጡም ሰውም የሚወደው እነሱን ነው።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት ኢትዮጵያ ሆኖ አካውንት መክፈት ስለማይቻልና በብር ስለማይቀበል ነው። ታሪኩ የራሱ የሆነው ሰው 100 ብር ልስጥ ቢል መንገድ የለውም፣ ዳይሬክተራችን ያቤሎ ተወልዳ ያደገች ልጅ ሆና ካምፔይኑ በኔ ስም መከፈቱ እስካሁን ይከነክነኛል። አገር ቤት ላለው ሰው ወገን ፈንድ የሚባል የገንዘብ ማሰባሰቢያ ሳይት አለ፣ ቀጣዩን ሁለቱንም ጎን ለጎን ነው የምንከፍተው።

እዚህም ቢሆን ቀላል አይደለም። እንጀራ የምገዛበት ሱቅ ያገኘኋቸው አንዲት እናት "ልጄ እኔ ነገሌ ነው ያደግኩት፣ ይሄን ያዝ" ብለው 50 ዶላር እጄ ላይ አስቀመጡ። ጥሬ ብር አይቀበልም፣ በራሴ ካርድ ላስገባው ብል ደግሞ የካምፔይኑ ባለቤት ለራሱ መስጠት ክልክል ነው። ባንኮኒው ጋ ቆመን በሳቸው ስልክ፣ ኮዱ እየጠፋ እየመጣ፣ 20 ደቂቃ ፈጀብን። ሳይቱ ስም ሲጠይቃቸው የአባታቸውን አስጻፉኝ። ትልልቆቹን ሰዎች ሊንክ ልካችሁ አትተዉዋቸው፣ ሄዳችሁ አጠገባቸው ቁሙ።

በጀቱን ደግሞ በዶላር ያዙት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሆነ እኛ በብር ያሰላነው የነዳጅና የአበል ሂሳብ ቀረጻ እስክንጀምር ተገለባብጦ ጠበቀን። አሜሪካ ሆኖ አካውንቱን በስሙ የሚከፍተው ሰው ገንዘቡ እንደ ገቢ ተቆጥሮ የታክስ ወረቀት ሊመጣበት ስለሚችል ከመክፈቱ በፊት አካውንታንት ያናግር፣ ደረሰኝ በሙሉ ይያዝ፣ የበቅሎና የግመል ኪራይም ቢሆን በወረቀት አስፈርሙ።