ፉል ወይስ ፈቲራ? ክብደት ለሚቀንስ ሰው የድሬ ቁርስ ሲመዘን

ድሬዳዋ ላይ ክብደት ለመቀነስ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ሻይ በዳቦ ቀማምሶ ይወጣል፤ 4 ሰዓት ሲሆን ሆዱ ይጮኻል፤ ያኔ ሳምቡሳውም ብስኩቱም ለስላሳውም ይከተላል። ቆራጥነት ስላነሰው አይደለም። ክብደት ሲቀንስ ሰውነት ግሬሊን የሚባለውን የረሃብ ሆርሞን ያበዛል፤ ጥጋብን የሚያግዘው ሌፕቲን ደግሞ ይቀንሳል። ረሃቡ የእውነት ነውና ምሳ ድረስ የሚያደርስ ቁርስ ያስፈልገዋል። በከፊራና በመጋላ ዙሪያ ቁርስ ቤቶች ከሚቀርበው ሁሉ ይህን በደንብ የሚሠራው ፉል ነው። የሚያበላሸው ላዩ ላይ የሚደፋው ነው።

አንድ መካከለኛ ሳህን፣ ማለትም 170 ግራም ገደማ የተቀቀለ ባቄላ፣ ወደ 190 ካሎሪ፣ 13 ግራም ፕሮቲንና 9 ግራም ፋይበር አለው። ለዚህ ካሎሪ ይህን ያህል የሚያጠግብ፣ ዋጋውም ከሥጋ ምግብ በብዙ የሚያንስ ቁርስ ማግኘት ከባድ ነው። ፋይበሩና ፕሮቲኑ ምግቡ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋሉ።

አሁን ስፔሻል ፉሉን እንየው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ብቻውን ከ220 እስከ 240 ካሎሪ ነው፤ ከራሱ ከባቄላው ይበልጣል ማለት ነው። በዘይት የተጠበሰ ሁለት እንቁላል 180 ገደማ ይጨምራል። እያንዳንዳቸው 100 ግራም የሚመዝኑ ሁለት ዳቦዎች 530 ናቸው። ተደምሮ ከ1,100 ያልፋል፤ ብዙ ክብደት ቀናሾች ለቀን ከሚመድቡት ከግማሽ በላዩ በአንድ ቁርስ አለቀ። ሰውየው ግን «ፉል ብቻ ነው የበላሁት» ብሎ ነው የሚነሳው። ሳህኑ ሲመጣ ጠርዙን ተመልከቱ፤ ዘንበል ሲያደርጉት ቀይ ዘይት ወደ ጥግ ሸሽቶ ከተጠራቀመ ዘይቱ በዝቶበታል ማለት ነው። ከቀረበ በኋላ በማንኪያ ማውጣት ሁሉንም አያስወግደውም፣ ከፊሉ ከባቄላው ጋር ተቀላቅሏል። ሲያዝዙ ነው መናገር፦ «አቦ፣ ፉሉን ያለ ዘይት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በዛ አድርገህ፣ አንድ ቅቅል እንቁላል፣ አንድ ዳቦ ብቻ።» ከዳቦው ግማሹን ከበሉ ጠቅላላው ወደ 400 ካሎሪ ይሆናል፣ ፕሮቲኑም ከ20 ግራም በላይ። ከሙንና ቃሪያ እንደልብ ነው። እርጎ በቅቤ ፋንታ ጥሩ ምትክ ነው፤ ማርጠቢያም ይሆናል።

ዳቦው ብዙ ሰው የማይቆጥረው ነገር ነው። ፉሉ ቀጭን ሲሆን ዳቦ ይበላል፤ ውሃ የበዛበት ፉል በዳቦ ካልተጠቀለለ አይያዝምና። ስለዚህ ፍሬው በከፊል የሚታይ፣ ወፈር ያለ ፉል የሚያቀርብ ቤት ይመረጣል፤ ማንኪያ ይዞ መብላትም ይቻላል። ሙሉ በሙሉ እንደ ገንፎ የተፈጨው ቶሎ ይዋጣል፣ ማኘክ የለበትም። ጥጋብ ለመሰማት 20 ደቂቃ ያህል ስለሚፈልግ አኝኮ መብላት የግድ ነው።

ፈቲራ ጣፋጭ ነው፤ የድሬና የሐረር ሰው እንዲተወው መጠየቅም አግባብ አይደለም። ግን የነጭ ዱቄት ሊጥ፣ ዘይትና ማር ነው፤ እንቁላል ቢገባበትም ፋይበሩ ትንሽ ስለሆነ ሆድ ላይ አይቆይም። ለበዓል ወይም ለእሁድ ይሁን። ሻዩም ይታሰብበት፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር 50 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ሁለት ብርጭቆ ሲሆን 100።

ከሰዓት በኋላ ያለው ሌላ ጉዳይ ነው። ጫት ረሃብን ስለሚያጠፋ እንደ መፍትሔ የሚያዩት አሉ፤ አይደለም። በርጫው ላይ ካሎሪው በስኳር ሻይና በለስላሳ ይገባል፣ ሌሊት ሲለቅ ደግሞ የተጠራቀመው ረሃብ በአንዴ ይመጣል፣ እንቅልፍም ይረበሻል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ የበለጠ ይርበዋል። መክሰስ ካስፈለገ የባቢሌ ለውዝ ይሻላል፣ ግን ተለክቶ፦ አንድ ትንሽ እፍኝ፣ 30 ግራም፣ ወደ 170 ካሎሪ ነው። ከረጢቱን ከፍቶ ጭን ላይ አስቀምጦ ወሬ መያዝ ግን 100 ግራም ሳይታወቅ ያስጨርሳል፤ ይህም 570 ገደማ ነው።

ቤት ለሚሠሩ፦ ግማሽ ኪሎ ደረቅ ባቄላ 12 ሰዓት ነክሮ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ በቀስታ መቀቀል። የነከሩበት ውሃ ካልተደፋ ሆድ ይነፋል። ከ1 ኪሎ በላይ የበሰለ ይወጣል፣ ወደ ስድስት ቁርስ፤ በየሳህኑ ከፋፍሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ለረመዳን ሱሁርም ይሄው ያለ ዘይት የተሠራው ፉል ነው የሚበጀው፣ ጨዉ ከበዛ ግን ቀኑን ሙሉ ያስጠማል፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ከባድ ነው። በኦርቶዶክስ ጾም ደግሞ እንቁላሉና እርጎው ይቀራሉ፣ በምትካቸው ባቄላው አንድ ጭልፋ ይጨመር።

ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች ባቄላ ፈጽሞ መብላት የለባቸውም፤ ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ያፈርሳል። ከበሉ በኋላ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ከጠቆረ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስዱም ዳቦውን ከመቀነሳቸው በፊት መጠኑን ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት፣ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላልና።