ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ያለችው ክሊኒክ
እህቴ ሰሞኑን ፊቷ ግርጥት ብሎ ጎረቤቱ ሁሉ "ምነው አመድ መሰልሽ" ሲላት ሰለቻትና እዚህ ወሰድኳት። ዶክተሯ በጣም ተመችታኛለች፣ የታችኛውን የዓይን ቆቧን ገልበጥ አድርጋ አየች መዳፏንም አየች፣ የዓይንሽ ነጩ ቢጫ ቢሆን ጉበትም ልንጠረጥር እንችል ነበር ይሄ ግን ደም ማነስ ይመስላል ብላ ሲቢሲ የሚባለውን የደም ምርመራ አዘዘች። ሄሞግሎቢኗ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) 9 ሆኖ አረፈው፣ እርጉዝ ላልሆነች ሴት እኮ ከ12 በታች ደም ማነስ ነው። የአይረን ኪኒን ታዘዘላት፣ ከምግብ ጋር ቡናም ሻይም እንዳትጠጪ ተባለች (እሷን ያለ ቡና አስቧት!)። የላቦራቶሪው ወረፋ ግን አያድርስ ነው፣ ካርድ ክፍል ያለችውም ልጅ ትንሽ ፈገግ ብትል ምን አለበት። መብራት ከጠፋ ምርመራ ስለሌለ ደውላችሁ ሂዱ።