ዳካር የምትሄዱ ካላችሁ ይሄን አስጎብኚ ያዙ፣ እናቴን እንደ እናቱ ነው የያዘልኝ

ሰላም ወገን! ለስራም ሆነ ለጉብኝት ዳካር ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ይሄን ፖስት ሴቭ አድርጉት። ሴኔጋል ውስጥ ሾፌርም አስጎብኚም ሆኖ የያዘን አንድ ሰው አለ፣ ሳላስፈቅደው ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ የሚፈልግ ኢንቦክስ ያድርገኝና ቁጥሩን እልካለሁ። እኔ የሄድኩት ለስራ ነበር፣ ስራው ሲያልቅ እማዬ ከአዲስ አበባ በአየር መንገዳችን መጥታ ተቀላቀለችኝ። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው፣ እማዬ በጾም ዓሣ የማትነካ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳን የማትቀምስ ሰው ናት፣ ከተማው ደግሞ ዓሣ በሩዝ ካልበላ ምሳ የበላ የማይመስለው ከተማ ነው (ቼቡ ጄን ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኔስኮ የመዘገበው ምግባቸው ነው)። ስለዚህ ጭንቀቴን አስቡት።

ሰውዬው ሙስሊም ነው፣ የዛን ሰሞን ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ስለነበር እሱም እየጾመ ነው የሚነዳው። ገና መኪና ውስጥ ሳንገባ እማዬን «ያይ» ብሎ ጠራት፣ በወሎፍ እናቴ እንደማለት ነው፣ ከዛ ምን እንደማትበላ አንድ በአንድ ጠየቀኝ፣ ስጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሁሉንም ስልኩ ላይ ጻፈው። እኔ በቃ አትክልት ካለ ይበቃናል ብዬ ነበር፣ እሱ ግን እኛጋ አትክልት ብቻ የሚመስለው ወጥ ውስጥ ጌጅ ይገባበታል አለኝ፣ ጌጅ ማለት ለማጣፈጫ የሚጨመር የደረቀ ዓሣ ነው፣ ካልጠየቅሽ ማንም አይነግርሽም አለኝ። ከዛ በኋላ የትም ስንገባ ቀድሞ ኩሽና ድረስ ሄዶ ባለሙያዋን ይጠይቃል። የባኦባብ ጁስ (ቡዬ የሚሉት) ወተት የገባበት መሆን አለመሆኑን ሳይቀር ያጣራል። በረመዳን ቀን ቀን ምግብ የሚሸጥበት ስለሚቀንስ ሰፈሩ ያለች አንዲት እናት ለእማዬ ንዳምቤ እንድትሰራላት አደረገ፣ ባቄላ መሰል ጥራጥሬ በቲማቲምና በሽንኩርት ተሰርቶ ዳቦ ውስጥ የሚገባ ነው፣ እማዬ እስካሁን ስታወራለት ነው ያለችው። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲል መኪናውን ጥላ ስር ያቆምና ምግቧን ያቀርብላታል፣ ውሃ ይከፍትላታል፣ እሱ ራሱ ግን ጸሀይ እስክትጠልቅ ጠብታ አይቀምስም። እማዬ አፍራ እሱ እስኪያፈጥር ልጠብቅ ብትለው በጭራሽ እሺ አላለም።

ማታ ላይ አንድ ቀን ቤቱ ወስዶን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አፈጠርን። ቴምር፣ ዳቦ፣ ቱባ ቡና (ቅርንፉድና ጃር የሚሉት ቁንዶ በርበሬ መሰል ቅመም ያለበት ቡና ነው፣ እማዬ ቀምሳ ቅመሙ ቡናውን ጋረደው አለች፣ ግን ጨረሰችው)። ከዛ አታያ የሚሉት ሻይ መጣ፣ ሶስት ዙር ነው የሚጠጣው፣ የመጀመሪያው መራራ፣ ቀጥሎ ስኳሩ እየጨመረ ይሄዳል፣ ከከሰል ሳይወርድ ሰዓት ይፈጃል። እማዬ አቦል ቶና በረካ ብላ ስትቆጥር ልጆቹም አብረዋት አሉ። እዛው ነው ስቅለት ላይ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ንጋላህ የሚባል ከማሽላ ዘር፣ ከለውዝ ቅቤና ከባኦባብ የሚሰራ ነገር ለሙስሊሙ ጎረቤት ሁሉ እንደሚያድሉ የነገሩን፣ ለአረፋ ደግሞ ስጋው ወደ ክርስቲያኑ ቤት ይሄዳል። አብዛኛው ህዝብ ሙስሊም በሆነበት ሀገር የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ሴንጎር ካቶሊክ ነበር፣ 20 አመት መራቸው፣ እዛ ቤት ተቀምጬ ነው ነገሩ የገባኝ።

ጎሬ ደሴት ላይ ደግሞ ሌላ ነገሩን አየሁ። ከወደብ በጀልባ 20 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ደሴቷ 900 ሜትር ብትረዝም ነው፣ መኪና የለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዷ ናት፣ ላሊበላና ሰሜን ተራሮችም እዛው ዝርዝር ውስጥ ናቸው፣ ይሄን ራሱ ነው ለእማዬ የነገራት፣ ቀድሞ አንብቦ ነበር የጠበቀን። የባሪያዎች ቤት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1776 አካባቢ የተሰራ ነው፣ ማንዴላም ጳጳሱ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም የቆሙበት ባህሩን የሚያይ በር አለው። አስጎብኚ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋር ቁጥር እየቆለለ ማስለቀስ ነው የሚቀናው፣ እሱ ግን ከዚህ ቤት በባርነት በቀጥታ መርከብ ላይ የተጫነው ሰው ብዙዎች እንደሚሉት ያህል ላይሆን ይችላል፣ ታሪክ አጥኚዎች ይከራከሩበታል፣ ብዙው በሰሜን ሴኔጋሏ ሴንት ሉዊስና በጋምቢያ ወንዝ በኩል ነው የወጣው ይላሉ፣ ግን የተጫኑት በሙሉ መታሰቢያ ስለሚገባቸው ሰው እዚህ ይመጣል ብሎ በግልጽ ነገረን። ከዛ ዝም አለ። እማዬ ታችኛው ክፍል ውስጥ ቆማ ስትጸልይ ከኋላ የሚገፋ ቱሪስት እንዳይረብሻት በሩ ላይ ቆመ። እኔ እንደዚህ አይነት ሰው ነው አስጎብኚ የምለው። (ቤቱ ሰኞ ዝግ ነው፣ ለጀልባው ፓስፖርት ያዙ።)

ሌላውን ባጭሩ። የአፍሪካ ህዳሴ ሐውልት 49 ሜትር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀ፣ ማንሱዴ የሚባል የሰሜን ኮሪያ ድርጅት ነው የሰራው፣ እኛጋ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ያለው ትግላችን ሐውልት ላይም የሰሜን ኮሪያ እጅ አለበት። ደረጃው ብዙ ስለሆነ ለእማዬ ጉልበት አይሆንም ብሎ ቀድሞ ነግሮን ታች ወንበር ለምኖ አስቀመጣት። የጥቁር ስልጣኔዎች ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የተከፈተ ነው፣ መሃል ላይ ያለውን የሃይቲያዊውን አርቲስት የብረት ባኦባብ ሳታዩ እንዳትመለሱ። እሁድ ደግሞ እማዬ ቤተክርስቲያን ስትል ፕላቶ የሚባለው ሰፈር ያለው ካቴድራል ወሰዳት፣ በድል እመቤታችን ስም እ.ኤ.አ. በ1936 የተባረከ ነው፣ የእመቤቴ ቤት ከሆነማ ብላ ደጁን ተሳልማ ወጣች።

ጨርቅ ለመግዛት አሻሌም ገበያ ሄደን ነበር፣ ኢድ ስለደረሰ ሰው በሰው ላይ ነው፣ ልብስ ሰፊዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚሰሩት። እዛ ሻጩ ዋጋ ሲሰቅልብን እሱ በወሎፍ ተከራክሮ አስቀነሰልን፣ ከሱቅ ኮሚሽን እንደማይቀበልም አየሁ፣ ምክንያቱም ጥራቱ የማይረባውን ባዚን (የሚያብረቀርቅ የጥጥ ጨርቅ ነው) ሻጩ ፊት አትግዙ ነው ያለን።

ሂሳብን በተመለከተ የቀን ዋጋውን በሴፋ (የሀገሩ ገንዘብ ነው) ቀድሞ ይነግራችኋል፣ የጀልባና የመግቢያ ትኬት ለብቻ ነው፣ በመጨረሻ የሚጨምረው ነገር የለም። ቢጫና ጥቁሮቹ ታክሲዎች ሜትር ስለማይጠቀሙ ሳትገቡ ተስማሙ፣ ኤርፖርቱ ከከተማው በጣም ሩቅ ነው ስለዚህ የመቀበያውን ሰዓት ቀድማችሁ ጻፉለት። እንግሊዝኛ ጥሩ አድርጎ ይናገራል፣ ፈረንሳይኛ ለማንችለው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ወንድሜ ይሄን ባታነበውም እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ እማዬም በየጸሎቷ ስምህን ትጠራለች። ቁጥሩን የምትፈልጉ ኢንቦክስ፣ ከኢትዮጵያ ነን ብላችሁ ንገሩት፣ ጾም ላይ ከሆናችሁም ጻፉለት፣ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።