«የእንግሊዝኛ እርማት» ብለው ገንዘብ ከሚጠይቋችሁ ማተሚያ ቤቶች ተጠንቀቁ

ወገኖቼ፣ በተለይ እዚህ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር በጀልባና በዓሣ የምትተዳደሩ፣ ንዴቴ ሳይበርድ ልንገራችሁ።

እነዚህን ማተሚያ ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ግማሽ ክፍያ አስቀድመው ይቀበላሉ፤ ከዚያ መብራት ጠፋ፣ ቀለም አለቀ ይላሉ። ይህን ለምደነዋል። የእኔው ግን፣ ገዳም ሊያዩ ለሚመጡ ፈረንጆች ጀልባዬን የማስተዋውቅበት ባነር ሳሠራ፣ «እንግሊዝኛ ያለበት ሥራ በባለሙያ ይታረማል» ብሎ ከኅትመቱ ሌላ 600 ብር ተቀበለኝ። የሰጠሁት ጽሑፍ እኮ ትክክል ነበር! እንግሊዝኛ የምታስተምረው የእህቴ ልጅ ናት የጻፈችልኝ።

የማተሚያ ቤቱ ልጅ ያለቀውን ባነር ወለሉ ላይ ዘረጋው። የጀልባዬ ፎቶግራፍ አምሯል፤ የዘጌ ደንም ከኋላ ይታያል። ዓይኔ ወደ ጽሑፉ ሲወርድ ግን ሰውነቴ ጋለ። «ሞናስተሪ» ሲበዛ ዋይ ወደ አይ ተለውጣ ኢ እና ኤስ ይጨመሩባት ነበር፤ እነሱ ዋይን እንዳለች ትተው ኤስ ለጥፈውባታል። «ቸርች»ም ኢዋን ተነጥቃ በባዶ ኤስ ቀርታለች። «ኢንፎርሜሽን» የማይቆጠር ስም ነው፤ እሱም ኤስ ደርሶታል። «ፊሽ» አንድም ሆነ መቶ «ፊሽ» ነው። ስለ ልዩ ልዩ ዝርያ ሲነገር «ፊሽስ» መባሉን አውቃለሁ፤ ያም ቢሆን በኢ እና በኤስ ይጻፋል እንጂ እነሱ እንዳደረጉት አይደለም።

ይህስ ይሁን። «ላይፍ ጃኬትስ» ብዬ የሰጠሁትን «ላይቭስ ጃኬትስ» አድርገውታል! አራሚ ተብዬው «ላይፍ» ሲበዛ ኤፍ ወደ ቪ ይለወጣል የሚለውን ሕግ አንድ ቦታ አንብቧል ማለት ነው። ቃሉ ብቻውን ሲቆም እውነት ነው። እዚህ ግን የሚበዛው ጃኬቱ ነው፤ ፊተኛው ቃል የጃኬቱን ዓይነት የሚገልጽ ስለሆነ አይነካም። ደህናውን አበላሽቶ የእርማት ዋጋ በላ።

ስህተቱን ሳሳየው ልጁ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ጋሼ፣ ፈረንጁ የሚመጣው ገዳም ሊያይ ነው ወይስ ሰዋስው ሊፈትንዎት?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። የእህቴን ልጅ ወረቀት ከባነሩ ጎን ባስቀምጥ ሥራ አስኪያጇ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። «ኤስ ካለበት ብዙ ነው ማለት ነው፤ ይገባቸዋል» አለች። እንዲህ ከሆነ «ቻይልድ» ለምን «ችልድረን» ይሆናል ብላት፣ «ቀሪውን ይክፈሉና ይውሰዱት፤ ሌላ ደንበኛ አለ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ዘጌ ውስጥ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በሚወስደው መንገድ ላይ የእጅ ሥራ የሚሸጡ ልጆች እንኳ እንዲህ አድርገው አያሾፉብኝም ነበር።

እንግሊዝኛውን በምታምኑት ሰው አስነብቡ፤ ከመታተሙ በፊት የመጨረሻውን ረቂቅ ካላያችሁ ቀሪውን አትክፈሉ። የእርማቱን ደረሰኝ ስጠይቅ «ለእርማት ደረሰኝ አንቆርጥም» ነው ያሉኝ።