ስቱዲዮ ቤት ውስጥ 11 ወር፦ የሚነሳው አልጋ፣ የሚታጠፈው ጠረጴዛ እና የሸጥነው ሶፋ

ቤታችን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ስቱዲዮ ነው። ዋናውን ክፍል በሜትር ስለካው 4.10 በ3.60 መጣ። ከሱ ሌላ ያለን አንድ ሰው ብቻ የሚያስቆም ማዕድ ቤትና መታጠቢያ ነው። እዚህ ውስጥ ሦስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴና አራት ዓመት የሆናት ልጃችን። ተከራይተን የገባነው ጥቅምት 2017 ላይ ነው። በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚል፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንደምንቆይ አውቀን ነው ዕቃ መግዛት የጀመርነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሻንጣ በሻንጣ ላይ ደርቦ መኖር አይቻልም።

ሦስት ነገር ገዛን። ከሥሩ ሳጥን ያለው፣ በፒስተን ወደ ላይ የሚነሳ ሜትር ከሃምሳ አልጋ። ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ ጠረጴዛ። ሲዘረጋ አልጋ የሚሆን ሶፋ። ሦስቱም ቦታ ይቆጥባሉ ተብለው ነው የተሸጡልን። አሁን 11 ወር ሞላን። አልጋውን እወደዋለሁ። ጠረጴዛው ሁለት ጊዜ ተጠግኗል። ሶፋውን ሚያዝያ ላይ ሸጥነው። በዝርዝር የምጽፈው እኔ መረጃ ስፈልግ ያገኘሁት ሁሉ ሱቅ ውስጥ የተነሳ የአዲስ ዕቃ ፎቶ ስለነበር ነው። ክረምት ካለፈበት በኋላ ምን እንደሚሆን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አልጋው በትዕዛዝ የተሠራ ነው። ፍራሹን ሳይጨምር 42 ሺህ ብር ከፍለናል። ሳጥኑ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። ይሄ ማለት ከባለ ሁለት በር ቁምሳጥን ብዙ የማይተናነስ ዕቃ ይይዛል፤ አልጋው ከያዘው ወለል ውጪ ደግሞ አንዲት ጋት አይወስድም። አሁን ውስጡ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሦስት ጋቢ፣ ለልጄ ያጠሯት ልብሶች፣ የባለቤቴ ሻንጣ፣ የበዓል ሰሃኖች፣ ረከቦትና በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሲኒዎች አሉ።

ስናዝ በደንብ ያሰብኩበት ነገር አልጋው ከየት በኩል ይነሳ የሚለው ነው። አናጢው «ከጎን ይቀላል እህቴ» ብሎኝ ነበር። ከጎን ግን የልጄ ትንሽ አልጋ አለ። ጋቢ ባወጣሁ ቁጥር እሱን መግፋት ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ከግርጌ እንዲነሳ አስደረግሁት። ከግርጌው እስከ በሩ ያለው 70 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ስለሆነ ሁሌም ባዶ ነው። ቆሜ እጀታውን ሳብ አደርጋለሁ፣ የምፈልገውን አወጣለሁ፣ እዘጋለሁ። ምንም ሌላ ዕቃ አልነካም። ያኔ ትንሽ ነገር ትመስለኝ ነበር። አሁን ግን አልጋውን ከሶፋው የለየችው እሷ እንደሆነች አምናለሁ።

ስለ ፒስተኑ ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚገዛው። ላዩ ላይ ቁጥር ተጽፎበታል፣ የኛው 1000 ኒውተን ይላል። የሚገፋበት ኃይል ማለት ነው። ይሄ ኃይል ከፍራሹ ክብደት ጋር መመጣጠን አለበት። መጀመሪያ የነበረን ቀላል ስፖንጅ ፍራሽ ነበር። ሰው ካልተኛበት የአልጋው ግርጌ ሁለት ጣት ያህል ብድግ ይል ነበር፤ ፒስተኑ ፍራሹን አሸነፈው። ጥር ላይ ስፕሪንግ ፍራሽ ስንገዛ ልክ ገባ። ፒስተኑ ደካማ፣ ፍራሹ ከባድ ቢሆን ደግሞ ክዳኑን ለማንሳት ጉልበታም ሰው መጥራት ሊመጣ ነው። ስለዚህ ፍራሹን አስቀድማችሁ ወስኑና ለአናጢው ክብደቱን ንገሩት።

ግንቦት ላይ አንዱ ፒስተን ደከመ። ክዳኑ በአንድ በኩል እየተንጋደደ ይነሳ ጀመር። ዘንጉን ስዳስሰው ቀጭን ዘይት እጄን ነካው። ውስጡ የታመቀ ናይትሮጅን ነው፤ አንዴ ማስተንፈስ ከጀመረ ይቀየራል እንጂ እንደ ጎማ አይሞላም። አንዱን ብቻ ለመቀየር አስበን ነበር። አናጢው ግን አዲሱና አሮጌው እኩል ስለማይገፉ ክዳኑን ያጣምሙታል ብሎ ከለከለን፤ ትክክል ነበር። ሁለቱም እስኪገኙ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ክዳኑን በወፍራም እንጨት እየደገፍኩ ነበር የምከፍተው። ልጅ ላላችሁ ይሄን አደራ እላለሁ። ክዳኑ ከነፍራሹ ከ40 ኪሎ በላይ ነው። ልጄ ሳጥኑ ውስጥ ገብታ መደበቅ ትወዳለች። ፒስተኑ ሲደክም ቀድሞ አይነግራችሁም። ያ የድጋፍ እንጨት አሁንም ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ክዳኑ በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ እሱን አቆማለሁ።

ከዚያ ክረምት ገባ። የሳጥኑ ጎኖች ቺፑድ፣ ማለትም በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ ናቸው። ላያቸው የተሸፈነ ስለሆነ ውሃ የማያስገቡ ይመስላሉ። የታችኛው ጠርዝ ግን እርቃኑን ነበር፣ እሱም በቀጥታ ወለሉ ላይ ነው የተቀመጠው። ቤት በተወለወለ ቁጥር ውሃ መጠጣት ጀመረ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጠርዙ እንደ ራሰ ዳቦ አብጦ፣ በጣት ሲነካ ይፈረፈር ነበር። የአልጋው ራስጌ ደግሞ ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ ተጠግቶ ነበር። አንድ ቀን ጋቢ ላወጣ ስከፍት የሻጋታ ሽታ ተቀበለኝ። እናቴ የፈተለችው ጋቢ ነው። ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር አስጥቼ ነው ሽታው የለቀቀው። በጣም አዝኜ ነበር።

ያደረግነው ይሄ ነው። አልጋውን አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርጉ የብረት እግሮች አስበየድን። ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅነው። ያበጠውን ጠርዝ አስቆርጠን ጣውላ አስገጠምን። በሳጥኑ ጎኖች ላይ አየር የሚያስገቡ ስምንት ቀዳዳዎች አስበሳን። ነሐሴ ሙሉ ሽታ አልነበረም። ይሄ ሁሉ ሲታዘዝ ቢደረግ ኖሮ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም ነበር።

ጠረጴዛው 80 በ50 ሳንቲ ሜትር ነው። ግድግዳ ላይ ይታሰራል፣ ሲፈለግ ይነሳል፣ ሲበቃ ወደ ታች ይታጠፋል። የቤቱን ባለቤት አስፈቅደን ነው ያስበሳነው። የገጠመልን ልጅ በተለመደው ፊሸር (ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) አሰረውና ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴ ክንዱን አስደግፎ ሲጽፍ የላይኞቹ ሁለት ብሎኖች ከነፊሸራቸው ወጡ። ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ነው። ፊሸሩ የሚነክሰው ቀጭኗን የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ዳር ላይ ስትደገፉ ደግሞ ጉልበቱ በሙሉ ወደ ላይኞቹ ብሎኖች ይሄዳል። ትልቅ ፊሸር አስገባን፤ እሱም እስከ ገና ብቻ ቆየ።

መፍትሄው ክብደቱን ከግድግዳው ላይ ማንሳት ሆነ። አንድ ብረት ሠራተኛ ከወለል የሚነሱ ሁለት የቱቦላሬ ቋሚዎች ሠራልን። ጠረጴዛው እነሱ ላይ ታሰረ። ግድግዳው አሁን እንዳይወድቅ ብቻ ነው የሚይዘው። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከባድ የሚታጠፍ ነገር፣ በተለይ ግድግዳ ላይ የሚቆም አልጋ የምታስቡ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ግድግዳችሁን በጣታችሁ አንኳኩ። የኮንክሪት ምሰሶ (ኮለን) ካልሆነ በቀር ግድግዳውን አትመኑት።

ሶፋው ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም። ገና ሲገባ ነበር ያስቸገረን፤ በደረጃው መታጠፊያ አልዞር ብሎ አራት ሰው ነው የተሸከመው። አልጋው ግን በብሎን የሚፈታ ስለነበር ባለቤቴና ወንድሙ ለሁለት አወጡት። ሶፋውን ለመዘርጋት ትንሿን ጠረጴዛ ማንሳት፣ ምንጣፉን መጠቅለል፣ ትራሶቹን የሆነ ቦታ መከመር ያስፈልጋል። ጠዋት ደግሞ ሁሉንም መመለስ። የመጀመሪያውን ወር አደረግነው። በሁለተኛው ወር ለእንግዳ የዘረጋነው ለሦስት ቀን ሳይታጠፍ ከረመ። ከዚያ በኋላ ተዘርግቶ ቀረ፣ ልብስ መከመሪያ ሆነ። ቦታ ይቆጥባል የተባለው ዕቃ የቤቱን ሩብ ይዞ ተቀመጠ። ስንፍና አልነበረም። ከሥራ አምሽቶ የሚገባ ሰው አምስት ዕቃ አንስቶ አልጋ አይዘረጋም።

በሱ ፋንታ ሦስት ቦታ የሚታጠፍ ስፖንጅ ገዛን። አልጋው ሥር ይገባል። ለፋሲካ እማዬ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ አልጋውን ለእሷ ለቀን እኛ ስፖንጁ ላይ ተኛን። እኛ ቤት እንግዳ መሬት አይተኛም፤ ስለዚህ የእንግዳ አልጋ የሚባለው ላይ መጀመሪያም ቢሆን የምንተኛው እኛው ነበርን። እማዬ በሁለተኛው ቀን የአልጋውን ክዳን ራሷ ከፍታ ጋቢ ስታወጣ አየኋት። ማንም አላሳያትም። 68 ዓመቷ ነው፣ ወገቧንም ያማታል።

ቤቱ በደንብ የተፈተነው ሰኔ 21 ቀን ነው፤ የማርያም ማኅበር ተራው የኔ ነበር። ዘጠኝ ሴቶች መጡ። ብዙዎቹ ቤታችንን አይተውት ስለማያውቁ ገና ከበሩ «ቤት ለእንቦሳ» እያሉ ነው የገቡት። ጠረጴዛውን አጠፍኩት። አልጋው ላይ አራት ተቀመጡ፣ ሁለቱ ስፖንጁ ላይ፣ የቀሩት ዱካ ላይ። ሶፋው ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ቄጠማ ጎዘጎዝኩ፣ ረከቦቱን መሃል አደረግሁ፣ መሶቡም ቦታ አገኘ። ሚያዝያ ላይ ያ ሶፋ ባይወጣ ኖሮ ቡናውን የማፈላው ኮሪደር ላይ ነበር።

አሁን የቀረኝ አንድ ችግር ነው። እኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁሌ ሞልተን እናስቀምጣለን። ቦታቸው ከጠረጴዛው ሥር ነው። ጠረጴዛው ደግሞ የሚታጠፈው ወደ ታች ነው። ማጠፍ ስፈልግ እያንዳንዱን 20 ኪሎ ጀሪካን አንድ በአንድ መጎተት አለብኝ። ከሰኔ 21 ወዲህ ያጠፍኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሶፋውም የጀመረው እንደዚህ ነበር። ስለዚህ አናጢውን አነጋገርኩት፤ ማጠፊያውን ገልብጦ ወደ ላይ እንዲታጠፍ ያደርገዋል፣ ላዩም ላይ መያዣ ይገጥምለታል። 1,800 ብር ጠይቆኛል። ቅዳሜ ይመጣል።