አማካይን ከሰሌዳ ወይስ ከልጆቹ ጥያቄ?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አምስተኛ ክፍል ሳስተምር አማካይን ለማስረዳት ሁለቱንም መንገድ ሞክሬያለሁ። አንዱ የለመድነው ነው። ቁጥሮቹን ሰሌዳ ላይ ትጽፋለህ፣ «ደምሩ፣ ለብዛታቸው አካፍሉ» ትላለህ፣ አለቀ። ፈጣን ነው፤ ልጅ በሞላበት ክፍል ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን መልሱ ምን እንደሚነግራቸው ስትጠይቃቸው ዝም ይላሉ።

ሌላው ከጥያቄ ይነሳል። «ከቤት ትምህርት ቤት ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅብናል?» አልን። ወዲያው ጭቅጭቅ ተነሳ፦ የታክሲ ሰልፍ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ምን እንደሚለኩ ሳይስማሙ መቁጠር እንደማይቻል እዚያው ገባቸው። አንዱ ቡድን 5፣ 10፣ 10፣ 15 እና 60 ይዞ መጣ። አማካዩ 20። አንዷ ልጅ ደብተሯ ላይ አፍጥጣ ቆየችና «ቲቸር፣ 20 ደቂቃ የሚፈጅበት እኮ የለም!» አለች። ከኮንዶሚኒየሙ ማዶ በእግሯ የምትመጣዋ ልጅ 60 ደቂቃ አማካዩን ወደ ላይ ጎትቶታል። በተርታ ሲደረድሯቸው መሀል ላይ የተገኘው 10 ነው፣ እሱ ይሻላል ብለው ተከራከሩ።

ሦስት ክፍለ ጊዜ ወሰደብኝ፣ ጫጫታውም አይጣል ነው። ቢሆንም እኔ በጥያቄው እጀምራለሁ፤ የማካፈሉን ልምምድ ከዚያ አስከትላለሁ። ቀጣዩን ጥያቄ ራሳቸው መርጠዋል፦ ሰፈራችን ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?