ለአነስተኛ ንግድ ዌብ ዲዛይነር መቅጠር ያዋጣል?

አድራሻ፣ ስልክ፣ የሥራ ሰዓት፣ የአገልግሎት ዝርዝርና ጥቂት ፎቶ ብቻ ለሚያሳይ ድረ ገጽ ዲዛይነር መቅጠር አያዋጣም። ዊክስ ወይም ስኩዌርስፔስ በተባሉት ያለ ኮድ ድረ ገጽ መሥሪያ አገልግሎቶች ላይ ያለቀለት ቴምፕሌት (የገጽ ንድፍ) መርጦ የራስን ጽሑፍና ፎቶ ማስገባት፣ ጽሑፉ ቀድሞ ከተዘጋጀ፣ ለአምስት ገጽ የሁለትና የሦስት ቀን ሥራ ነው። ሆስቲንጉ (ገጹ የሚቀመጥበት የሰርቨር ቦታ) እና የደህንነት ሰርተፍኬቱ በጥቅሉ ክፍያ ውስጥ ስላሉ ሶፍትዌር የማደስ ጣጣም የለበትም።

የእነዚህ አገልግሎቶች ችግር የሚመጣው ልውጣ ሲባል ነው። ዊክስ ላይ የተሠራን ገጽ እንዳለ ወደ ሌላ ሆስቲንግ ማዛወር አይቻልም። ስኩዌርስፔስ ከጽሑፉ የተወሰነውን ወደ ዎርድፕረስ (በመረጡት ሆስቲንግ ላይ ወደሚጫን የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) ቢያሻግርም ዲዛይኑ እዚያው ይቀራል።

ባለሙያ የሚያስፈልገው ገጹ ራሱ ሥራ መሥራት ሲጀምር ነው፦ ቀጠሮ ሲይዝ፣ ክፍያ ሲቀበል፣ ሽያጩን ከዕቃ ቆጠራው ጋር ሲያናብብ። የቆየ ድረ ገጽ በአዲስ ሲተካም እንዲሁ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። እያንዳንዱ አሮጌ የገጽ አድራሻ በ301 (አድራሻው ለዘለቄታው መቀየሩን በሚናገር የማዛወሪያ ትእዛዝ) ወደ አዲሱ ካልተመራ፣ ከጉግል የመጣውን ደንበኛ «ገጹ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ይቀበለዋል፤ በዓመታት የተገኘ የፍለጋ ደረጃም አብሮ ይሄዳል። ዋጋ ከመነጋገር በፊት «አሮጌዎቹን አድራሻዎች ምን ታደርጋቸዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሥራውን የሚያውቀው ወዲያው ይለያል።

የሥራ ናሙና ስታዩ ውበቱ አያታላችሁ። ገጹን በስልክ፣ በሞባይል ዳታ ክፈቱት። ከዚያ አድራሻውን ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የተባለው የጉግል የፍጥነት መለኪያ ላይ አስገቡ፤ ነጻ ነው። ጉግል የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። ከዚያ በጣም ከዘገየ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፎቶ ነው። ከካሜራ በቀጥታ የተጫነ 5 ሜጋባይት ፎቶ፣ ወርዱ ወደ 1600 ፒክስል ወርዶ በዌብፒ (የፎቶን መጠን በሚያሳንስ የፋይል ዓይነት) ቢቀመጥ 300 ኪሎባይት እንኳ ላይሞላ ይችላል። ለቀደመው ደንበኛ ይህን ያልሠራ ለእናንተም አይሠራም።

ውሉ ላይ ከሁሉ የሚቀድመው ዶሜይኑ (የድረ ገጹ የኢንተርኔት ስም) ነው፤ በንግዱ ባለቤት ስምና ኢሜይል ይመዝገብ። በዲዛይነሩ ስም ከተመዘገበ፣ እሱ ስልክ ማንሳት ያቆመ ቀን የድርጅቱ ስም በሌላ ሰው እጅ ቀረ ማለት ነው። ዕድሳቱ ካመለጠም ድረ ገጹ ብቻ ሳይሆን በዚያ ስም የተከፈተው ኢሜይል ሁሉ ይቆማል። የሆስቲንጉ መግቢያና የዎርድፕረሱ ሙሉ የአድሚን መብትም የመጨረሻው ክፍያ ሳይለቀቅ እጃችሁ ይግባ።

በርክክብ ቀን የመልእክት ቅጹን ራሳችሁ ሞልታችሁ ላኩ፤ ኢንቦክሱንም ስፓሙንም እዩ። ቅጹ «መልእክትዎ ደርሷል» እያለ የደንበኞች ጥያቄ ስፓም ውስጥ ሲከማች ለወራት የማይታወቅበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሰርቨሩ ያለ ኤስፒኤፍና ዲኪም (ኢሜይሉ በእርግጥ ከዶሜይኑ ባለቤት መምጣቱን የሚያሳዩ) ማረጋገጫዎች መላኩ ነው። ሁለቱን በዶሜይኑ መዝገብ ላይ ማስገባትና መልእክቱ በኤስኤምቲፒ (በኢሜይል አካውንት በኩል በሚያልፍ የመላኪያ መንገድ) እንዲላክ ማድረግ ለባለሙያ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ሌላው የጥገና ነገር ነው። ፕለጊኖቹን (ዎርድፕረስ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) ማን ያድሳል? ባክአፑስ (የገጹ መጠባበቂያ ቅጂ) የት ይቀመጣል? የወር ጥገና ውል ከሌለ፣ ከሠራተኞቹም የሚከታተለው ከጠፋ፣ ባለሙያ የሠራው ዎርድፕረስ ራስ ከሠሩት ዊክስ ቀድሞ ይበላሻል፤ ሰርጎ ገቦች በብዛት የሚገቡት ባልታደሰ ፕለጊን በኩል ነውና።